የፈረሱ መውጫ

«ላይኛው ሰገነት ላይ ይሁን በቃ። እሷ ደረጃ ስለማትወጣ ነገሩ በራሱ ያልቃል። ማንም ምንም መናገር አያስፈልገውም።»

ወንዱ ልጇ ይህን ያለው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሆኖ፣ ቧንቧውን ከፍቶ፣ በስልክ ነው። ውኃው ድምፁን የሚሸፍንለት መስሎታል። እናትየው ፎጣ ረስቶ ሲገባ አይታ ልታቀብለው በሩ ሥር ቆማ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ አትስማ ቢሉት አይታዘዝም። ፎጣውን የበሩ እጀታ ላይ አንጠልጥላ፣ በጫማዋ ጫፍ እየረገጠች ወደ ማድ ቤት ስትመለስ የጣደችው ሻይ ገንፍሎ እሳቱን አጥፍቶት ደረሰች። ሌላ ቀን ቢሆን «ጋዙ ሊፈጀን ነበር» ብላ ቤቱን ቀውጢ ታደርገው ነበር። ያን ቀን ግን መስኮቱን ከፍታ፣ ጨርቅ አርጥባ፣ ዝም ብላ ጠረገችው።

«እሷ» ማን እንደሆነች መጠየቅ አላስፈለጋትም። ከሠርጉ በፊት ሁለቱ ቤተሰቦች አንድ ላይ የሚነሡት ፎቶ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ በአሮጌው ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ነበር። ፎቶው ጥሪ ካርዱ ላይ ይታተማል፤ በየአገሩ ለተበተኑት የሙሽሪት ዘመዶችም ይላካል። የሙሽሪት እናት ለትውውቅ በመጣችበት ቀን ሻይዋን እያማሰለች፣ ዓይኗን ከሴቷ ልጅ ዊልቸር ጎማ ላይ ሳትነቅል፣ «ይኼ ነገር በዘር ነው?» ብላ ጠይቃ ነበር። «ኧረ በፍጹም፤ በሕፃንነቷ ከፎቅ ወድቃ ነው» አለቻት እናትየው። ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች። «አዎ፣ እንደዚያ ይባላል» አለችና ሻይዋን ፉት አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ እናትየው እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኗ ዞሮ አያውቅም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ተረት ሌላው ሰው አንድ ነገር ሲደርስበት ይተርተዋል፤ እሷ ግን ትኖርበት ነበር። የሙሽሪት አባት ትልቅ የግንባታ ዕቃ መደብር አለው፤ ልጇ ከሠርጉ ማግሥት እዚያ ሊቀጠር ቃል ተገብቶለታል። ሥራ ፈትቶ የተኛበት ሶፋ ላይ የጎኑ ቅርጽ እንደ ጉድጓድ ተቀርጾ ቀርቷል። አዳራሹ ተከራይቶ፣ ሱፉ ተመርጦም እንኳ እናትየው ስልክ በጮኸ ቁጥር «ተሰረዘ ሊሉን ነው» እያለች ደረቷን ትይዝ ነበር።

ሳሎኑ ሳሎን ይባል እንጂ ግማሹ የልብስ ስፌት ቤት ነው። ሴቷ ልጇ እዚያ ትሠራለች። የሰፈሩ ሰው «መርፌ» ይላታል፤ አንድም በሙያዋ፣ አንድም በምላሷ። የስፌት መኪናውን ፔዳል ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ በክርኗ እየተጫነች ትሰፋለች። ግድግዳው ላይ ያለው ረጅም መስታወት የተሰቀለው በእሷ ልክ፣ ዝቅ ተደርጎ ነው፤ ልብስ ሊለካ የመጣ ሰው ቆሞ ሲያየው ራሱን ያለ ጭንቅላት ያገኘዋል። «ጭንቅላትህን ከፈለግክ ቁጭ በል» ትለዋለች። ለፎቶው የወንዱ ወገን ሴቶች ሁሉ ከአንድ ጨርቅ እንዲለብሱ ያሰበችውም፣ ጨርቁን የመረጠችውም እሷ ናት። ሜትሩ የአንድ ሳምንት አስቤዛ የሚያህል ዋጋ ያለው፣ እንደ ወይራ ቅጠል አረንጓዴ የሆነ ጨርቅ። የሁለቱን አክስቶቿን ሰፋች፤ የእናቷን ሰፋች፤ የራሷንም ሰፋች። የራሷን ስትቆርጥ ከፊት አሳጥራ ከኋላ አስረዝማ፣ ተቀምጦ እንዲለበስ አድርጋ ነው፤ ጭኗ ላይ አይከመርም፤ ጎማ ውስጥም አይገባም።

«እማዬ፣ ነይ እስቲ ቁሚልኝ።»

እናትየው መጥታ ቆመች። መርፌ ወንበሯን አስጠግታ፣ አፏ ውስጥ መርፌ ቁልፎቿን ነክሳ፣ «ጎንበስ በይ» አለቻትና የትከሻውን ስፌት በአውራ ጣቷ ዳበሰችው።

«አትንቀሳቀሺ። ስትንቀሳቀሺ ነው ትከሻው የሚሸበሸበው። ፎቶ ላይ ደግሞ ሽብሽብ ከሰውየው ቀድሞ ይታያል።»

«የኔ ልጅ፣ ሰማዩን አይተሽዋል? ዝናብ ሊመጣ ነው መሰለኝ። ለምን አንቺ እቤት አትቀሪም? ድንጋዩ ያንሸራትታል።»

«አንቺ እኮ ፀሐይ ስትወጣም ቃጠሎ ሊመጣ ነው ነው የምትዪው።» መርፌ ሳቀች። «ዛሬ አልቀርም። ከፎቶ ላይ ስቆረጥ ነው የኖርኩት። ወይ ከወገብ በላይ ነኝ፣ ወይ የለሁም። ዛሬ ግን ከነወንበሬ፣ ከነጎማዬ እነሣለሁ። ወንድሜንም ነግሬዋለሁ፤ ታች ሜዳው ላይ ነው ብሎኛል፤ ለጥ ያለ ነው።»

እናትየው ያኔ መናገር ትችል ነበር። ግን ብትናገር ምን ይከተላል? መርፌ ትናገራለች፤ ስትናገር ደግሞ ትወጋለች። የሙሽሪት እናት ትሰማለች። ነገር ይበላሻል። ሠርጉ ይፈርሳል፤ ልጁ ሶፋው ላይ ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ አየችው፤ የመጨረሻውን ክፉ ነገር አስቀድማ ማየት እንደ ሆነ ልማዷ ነው። ሆድ ይፍጀው አለችና ቀጥ ብላ ቆመች።

ሚኒባሱ ከቀትር በኋላ መጣ። ሙሽራው በኪራይ ሱፉ እህቱን እንደ ወትሮው ከወንበሯ ላይ በሁለት እጁ ብድግ አድርጎ መቀመጫው ላይ አኖራት። ይህን ሲያደርግ ሁልጊዜ ያምርበታል፤ ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ስለለመደው አንዱ እጁ ከጉልበቷ ሥር፣ አንዱ ከጀርባዋ ሲገባ ሳያይ ነው። «ወፍረሻል እቴ» አላት። «ቀሚሱ ነው የከበደህ። አንተ እኮ የጨርቅ ዋጋ አታውቅም» አለችው። ዊልቸሩ ታጥፎ ከፎቶ አንሺው ዕቃዎች ጋር ከኋላ ተጫነ። እናትየው የማይለያትን ትልቅ ቦርሳ ታቅፋ ተቀመጠች፤ ውስጡ ውኃ፣ ፕላስተር፣ ቅያሪ ልብስ፣ የጎማ መንፊያ፣ የራስ ምታት ኪኒን አለ። ልጇን በመስታወቱ ውስጥ ታየው ጀመር። አንድ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። እሱ ክራቫቱን አስተካከለ። መስማቷን ያወቀ መሰላት። ፎጣው በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ማግኘቱ ትዝ አላት።

ቤተ መንግሥቱ ከተማው መካከል፣ ከፍ ያለ የድንጋይ አጥር ውስጥ ነው። ያረጁ ግንቦች፣ አናታቸው እንደ ተቀቀለ እንቁላል የከበበ ማማዎች፣ ጣሪያቸው የፈረሰ አዳራሾች፣ መሐላቸው ሣርና ጠጠር። የሙሽሪት ቤተሰብ ቀድሞ ደርሶ በሩ ላይ ይጠብቅ ነበር። የአንድ ሰው መግቢያ ከአንድ ኪሎ ሥጋ ይበልጣል። ትኬት ቆራጯ በመስኮቷ ብቅ ብላ ዊልቸሩን አየችና «እሷ በነጻ ናት» አለች።

«ለምን በነጻ ሆንኩ?» አለች መርፌ።

«ደንቡ ነው እህቴ። አብዛኛውን ስለማታዩት ነው መሰለኝ።»

«እንግዲያው ዓይኑን ጨፍኖ ለሚገባም በነጻ ነዋ።» ከተሰለፉት ሰዎች መካከል አንድ ሁለቱ ሳቁ። የሙሽሪት እናት ግን አልሳቀችም። ቀርባ የመርፌን ራስ እንደ ሕፃን ራስ ዳበስ አደረገችና «አይዞሽ የኔ ልጅ» አለቻት። «ምን ሆኜ?» አለች መርፌ፤ ፈገግ ብላ፣ ቀና ብላ እያየቻት። እናትየው መካከላቸው ገብታ ስለ መንገዱ መጨናነቅ ማውራት ጀመረች።

ጠጠሩ ላይ ዊልቸሩ ይሰምጣል፤ የተነጠፈው ድንጋይ ላይ ደግሞ ጥርስ እስኪያንቀጫቅጭ ይነጥራል። እናትየው እየገፋች፣ «ቀስ፣ ቀስ» እያለች፣ የፊተኞቹ ትንንሽ ጎማዎች ከድንጋዩ ክፍተት ሲሰነቀሩ ወደ ኋላ እየሳበች ዋናው ግንብ ሥር ደረሱ። የሄደችበት ሁሉ እንደምታደርገው ልጇን ጥላ ሥር አቆመችና መጸዳጃ ቤቱ ሰፊ በር እንዳለው ለማጣራት ዘበኛውን ፍለጋ ሄደች። ዘበኛው ከግንቡ ጀርባ፣ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ነበር፤ ዕድሜው ከልጇ ብዙም አይበልጥም፤ የደንብ ልብሱ እጅጌ ግን ለሁለት ሰው ይበቃል።

«መጸዳጃ ቤቱ እዚያ ነው፣ እናቴ። በሩ ይበቃታል» አላት። ከዚያ ሳትጠይቀው ጨመረ። «ወደ ላይም ልታወጧት ከፈለጋችሁ በደረጃው አይድከሙ። ይኼው፣ እዚህ ማማ ውስጥ የፈረሱ መውጫ አለ። ደረጃ የለውም፤ እየተጠማዘዘ ሰገነቱ ድረስ ይወጣል። ንጉሡ ከኮርቻቸው ሳይወርዱ ነበር አሉ እስከ መኝታቸው የሚወጡት። ላይ ያለው በር ብቻ በሰገነቱ በኩል መቀርቀሪያ አለው፤ ልጆች በሩጫ እየወረዱ ስላስቸገሩን ነው። አንድ ሰው ቀድሞ በደረጃው ወጥቶ ይክፈትላት። እኔ እገፋታለሁ።»

እናትየው አንገቷን አስግጋ ወደ ማማው ውስጥ አየች። ጨለማ ነው፤ የእርግብ ኩስ ይሸታል፤ ወለሉ ግን እውነትም ለጥ እያለ ወደ ላይ ይሄዳል። መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነበር። ደስታው ግን ከትንፋሽ አላለፈም። ልጇ በዚህ ወጥታ፣ በሩ ተከፍቶላት፣ እነዚያ ሁሉ ሰዎች ፊት ብቅ ስትል ታያት። ማንም እንኳን መጣሽ የሚላት የለም። የሙሽሪት እናት ፊት እንዴት እንደሚሆን ታያት፤ የወንድሟም ፊት። መርፌ ደግሞ ፊት ማንበብ ታውቃለች። እዚህ ታች ሆና ደረጃውን ብትረግም ይሻላታል። ድንጋይ ሰውን አይጠላም። «እግዜር ይስጥልኝ የኔ ልጅ» አለችው ዘበኛውን፤ ሌላ ምንም አላለችም።

ስትመለስ ነገሩ ተጀምሮ ነበር። ፎቶ አንሺው መቆሚያውን ሜዳው ላይ ዘርግቶ ሳለ ሙሽራው «ላይ ነው እኮ ያልነው» ብሎ እያስነሣው ነው።

«ታችም ብርሃኑ ጥሩ ነው» አለ ፎቶ አንሺው ግራ ተጋብቶ።

«ከተማው ከጀርባ መታየት አለበት።»

መርፌ ወንድሟን አየችው። «ታች ነው ብለኸኝ ነበር።»

«ለካርዱ ስለሆነ ነው እቴ… ስንጨርስ ታች ወርደን አንቺን ለብቻሽ እናነሣሻለን። ሰፋ አድርጎ።»

«ለብቻዬማ መታወቂያዬም ላይ አለሁ።» ድምፅዋ ከፍ አላለም። «አንሣኛ። ጠዋት አንሥተኸኝ የለ? ወንበሩን አንድ ሰው ይያዘው፣ አንተ እኔን ያዘኝ።»

ሙሽራው እጅጌውን አየ። ሱፉ የኪራይ ነው። የሙሽሪት ወንድሞች ሁለቱም ትከሻቸው የሰፋ ጎረምሶች ናቸው፤ አንደኛው ስልኩን ያይ ጀመር፤ ሌላኛው ማማው ላይ ያሉትን እርግቦች። ሙሽሪት የአበባ እቅፏን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። የሙሽሪት እናት እርምጃ ቀረብ አለች። «አይ፣ አይ፣ ደረጃው እኮ በውኃ የታጠበ ሳሙና ነው። እግዜር አያድርገውና ብትወድቅስ? ሠርግ ፊት ለፊታችን እያለ? እናቷ ያውቃሉ።» ወደ እናትየው ዞረች። «አይደለም እንዴ የኔ እመቤት? እርስዎ ይንገሯት።»

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። መርፌም ዞረች። እናትየው ዕድሜዋን ሙሉ ያንኑ ቃል ስትል ኖራለች፤ በአልጋው ጠርዝ ላይ፣ በአስፋልቱ ማቋረጫ ላይ፣ በጎረቤት ደጃፍ ላይ። ስለዚህ ቃሉን ለመፈለግ አልተቸገረችም፤ ከአፏ ሲወጣ ሌላ ቃል መሆኑን የሚያውቅም አልነበረም።

«ትወድቃለች» አለች።

መርፌ ጭኗ ላይ ያለውን ቀሚስ በመዳፏ አስተካከለችና «እሺ፣ ሂዱ። ብርሃኑ ይሄድባችኋል» አለች። እናትየው አጠገቧ ልትቀር ነበር፤ ወንበሩን ይዛ ቆማም ነበር። ሙሽራው ግን ክንዷን ያዛት። «እናት የሌለችበት የቤተሰብ ፎቶ አለ እንዴ? ሰው ምን ይላል?» መርፌም «ውጪ እንጂ እማዬ፣ ያንን ሁሉ ጨርቅ የሰፋሁት ለእርግቦቹ ነው?» አለቻት። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ደረጃውን ስትወጣ ወደ ኋላ አንድ ጊዜ ዞራ አየች። አረንጓዴው ቀሚስ ግራጫው ድንጋይ መካከል እንደ በቀለ ነገር ይታይ ነበር።

ሰገነቱ ሰፊ ነው፤ ዙሪያውን ወገብ የሚደርስ ግንብ አለው፤ ከሥሩ ከተማው በቆርቆሮና በመስታወት እያብለጨለጨ ተዘርግቷል። ከዳር፣ ማማው ከግንቡ ጋር በሚገናኝበት በኩል፣ ወፍራም የእንጨት በር አለ። መቀርቀሪያው ብረት ነው፤ የክንድ ውፍረት አለው። እናትየው ዓይኗ መጀመሪያ የወደቀው እዚያ ላይ ነው። ፎቶ አንሺው እያንዳንዱን በትከሻው እየያዘ ሲደረድር የሙሽራው ወገን በዚያ በኩል ሆነ፤ ወገኑ ማለት እሷና ሁለት አክስቶች ናቸው። እሷ የመጨረሻዋ ነበረች። እጇን ብትዘረጋ መቀርቀሪያውን ትነካዋለች። «እናት፣ ቦርሳዋን ያስቀምጡልኝ» አለ ፎቶ አንሺው። አስቀመጠችው። «ፈገግ። ወደ እኔ። አሁን ማንም እንዳይንቀሳቀስ፣ ደመናው ሳይመጣ።»

መጀመሪያ የተሰማት ከእግሯ ሥር ነው፤ ጎማ ድንጋይ ላይ ሲንገጫገጭ፣ ቆም ሲል፣ እንደገና ሲንገጫገጭ። ያንን ድምፅ በእንቅልፏም ታውቀዋለች። ፊቷ ላይ ያለው ፈገግታ እንደ ተጣበቀ ቀረ። ከዚያ በሩ ተንኳኳ። በመዳፍ ነው፤ ጎላ ብሎ፣ ግን በትሕትና፣ ሰው ቤት እንደሚያንኳኳ እንግዳ።

«ማነው?» አለች አንዷ አክስት።

«ንፋስ ነው» አለች የሙሽሪት እናት።

«አትዙሩብኝ። ይኼው ተበላሸ» አለ ፎቶ አንሺው። «እንደገና። ወደ እኔ።»

በሩ እንደገና ተንኳኳ። ማንም ማን እንደሆነ አልጠየቀም። ሙሽራው ጫማውን አየ፤ ከዚያ ካሜራውን አየ። እናትየው መቀርቀሪያውን በዓይኗ ጠርዝ ታየዋለች። እጇ ጎኗ ላይ ነው። አሁን ተዘርጋ ብላ አዘዘችው። ዘርግታው ቢሆን ኖሮ ማንም የሚይዛት አልነበረም። ግን ልጁን አሰበች፤ ሶፋውን አሰበች፤ መርፌ በሩ ተከፍቶላት የእነዚህን ሰዎች ፊት ስታይ አሰበች። ይህን ፎቶ ይጨርስና፣ አለች በልቧ። አንድ ብቻ። ካሜራው ቀጭ አለ። ደግሞ ቀጭ አለ። ከዚያ በኋላ በሩ አልተንኳኳም።

ሰልፉ ሲበተን፣ ሌሎቹ ወደ ግንቡ ጠርዝ ሄደው በየስልካቸው ከተማውን ሲያነሡ፣ መቀርቀሪያውን ሳበችው። ከብዷት በሁለት እጇ ሳበችው። ከበሩ ጀርባ ማንም የለም። የእርግብ ኩስ ላይ ሁለት የጎማ መስመር መጥቶ፣ በሩ ሥር ተጠማዝዞ፣ ተመልሷል። ከታች፣ ከጨለማው ውስጥ፣ ጎማ በመዳፍ ሲያዝ የሚያወጣው ጩኸት ይሰማል፤ እየራቀ። ልትጣራ አፏን ከፈተች። ብጣራ ትደነግጣለች፣ ከደነገጠች እጇ ይለቃል፣ እጇ ከለቀቀ… ብላ አሰበች። እውነት ነበር። ግን ዝም ያለችው ለዚያ ብቻ አልነበረም፤ እሷም አወቀችው። በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችው፤ መቀርቀሪያውን ወደ ቦታው መለሰችው፤ ቦርሳዋን አንሥታ በሌላ በኩል፣ በደረጃው፣ የፈረሱን መውጫ የማያውቅ ሰው በሚወርድበት በኩል ወረደች።

መርፌ ያስቀመጧት ጥላ ሥር ነበረች፤ ያልተነሣች ትመስላለች። ዘበኛው አጠገቧ ቆሞ ቆቡን በእጁ ያሽከረክራል፤ እናትየውን ሲያይ ወደ በሩ ራቅ አለ። የመርፌ ሁለት መዳፎች ጭኗ ላይ ወደ ላይ ተዘርግተዋል። ቆዳቸው ተገሽልጦ ደም አዝሏል። አረንጓዴው ቀሚስ በጎኑ የጎማ ግራሶና የእርግብ ኩስ ነክቶታል።

እናትየው ተንበርክካ ቦርሳዋን ከፈተች። ለክፉ ቀን ብላ ስንት ዘመን የተሸከመችውን ፕላስተር አወጣች። ውኃ አፍስሳ መዳፎቹን አጠበቻቸው። መርፌ እጇን ሰጠቻት፤ ፊቷን ግን ወደ ማማው አዙራ ነበር።

«ዘበኛው፣ ብቻዬን ተቀምጬ ሲያየኝ፣ እስካሁን አልወጣሽም እንዴ አለኝ። ለእናትሽ ነግሬያቸው ነበር እኮ አለኝ። ትረሳለች አልኩት።»

እናትየው የፕላስተሩን ጀርባ ላጠች። ወረቀቱ ጣቷ ላይ ተጣበቀ።

«እስከ በሩ ገፋኝ። ከዚያ የግቢ በሩን ትቶ መቆየት አልቻለም፤ ሂድ፣ ይከፍቱልኛል አልኩት። ንጉሡም እኮ እንደኔ ነበሩ እማዬ፣ ደረጃ በእግራቸው አይወጡም።» ቀልዱን ስትናገር ድምፅዋ አልተቀየረም። «አንኳኩቼ ነበር። በሩ ወፍራም ነው። አይሰማም መሰለኝ።»

ማምለጫው ለእናትየው ተከፍቶላት ነበር፤ ልጇ ነበረች የከፈተችላት።

«ምንም አልተሰማም» አለች እናትየው። «ምንም።»

መርፌ ራሷን ነቀነቀች። ሌላኛውን እጇን ሰጠቻት።

ሌሎቹ እየሳቁ ወረዱ። የሙሽሪት እናት «ኖርሽ የኔ ልጅ? አልሰለቸሽም?» እያለች አለፈች። ሙሽራው እህቱን ሳያያት ሚኒባሱን ሊጠራ ቀደመ። ፎቶ አንሺው ካሜራውን ከአንገቱ እያወረደ መጣ። ከሁሉም ያነሰ የሚያውቀው እሱ ስለነበር ከሁሉም ይልቅ ደስ ብሎታል። «አንቺን ለብቻሽ እናንሣት ተብሏል፤ ግን ብርሃኑ ሄደ መሰለኝ» አላት። «እስቲ እነዚህን ፎቶዎች እዪልኝ፣ ቀሚሱን የሰፋሽው አንቺ ነሽ አሉ። ይኼኛው ተበላሽቶብኛል፣ ላጠፋው ነው፤ ግን ያስቃል። የሆነ ሰው በሩን ሲደበድብ ሁሉም ተደናግጠው ዞሩ። እናት ብቻ ናቸው ፍንክች ያላሉት። እንደሳቸው ፎቶ የሚነሣ ሰው አላየሁም።»

መርፌ በፕላስተር በታሸጉት እጆቿ ካሜራውን ተቀበለች። እናትየው ከትከሻዋ በላይ አየችው። ሁሉም አንገታቸውን ወደ በሩ አዙረዋል፤ ሙሽሪት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋለች፤ ሙሽራው አፉ ተከፍቷል። ከዳር፣ ለበሩ ከሁሉም ይልቅ የቀረበች አንዲት ሴት፣ በአረንጓዴ ቀሚስ፣ ቀጥ ብላ ወደ ፊት እያየች ፈገግ ብላለች።

መርፌ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ካሜራውን መለሰች።

«ትከሻው አልተሸበሸበም» አለች። «አልተንቀሳቀሽም።»

ከአጥሩ ውጭ ሚኒባሱ ጡሩንባ ነፋ። እናትየው ብድግ ብላ ወደ ወንበሩ መግፊያ ሄደች። መርፌ ግን አንገቷን አዙራ ዘበኛውን ጠራችው፤ «ወንድሜ፣ እስከ መኪናው ትገፋኛለህ?» አለችው። ዘበኛው ቆቡን ደፍቶ እየሮጠ መጣ። እናትየው የፕላስተሩን ልጣጭ በእጇ ጨብጣ ከኋላ ከኋላቸው ሄደች። ጎማው ድንጋዩ ላይ በተንገጫገጨ ቁጥር «ቀስ» ልትል አፏን ትከፍታለች፤ ሳትለው ትዘጋዋለች።